ያየነውና የመሰለን፦ ስለ መርማሪ ዐይን

የወንጀል ምርመራ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በፊልም የምናየው ነው፤ አጉሊ መነጽር፣ የጣት አሻራ፣ በየመንገዱ የሚበር መኪና። የመርማሪ የዕለት ተዕለት ሥራ ግን ከፊልሙ ይልቅ ለክፍላችን ሥራ ይቀርባል። ማየት፣ መስማት፣ መጠየቅ፣ ከዚያም የታየውን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ መጻፍ ነው። ተማሪዎቻችን በአማርኛ ክፍለ ጊዜ «ገላጭ ድርሰት» ብለው የሚማሩት ሙያ ማለት ነው። ልዩነቱ፣ የመርማሪው ድርሰት የሰው ነጻነት የሚወሰንበት መሆኑ ነው። አንድ ቃል ቢዛባ ጥፋተኛው ሊያመልጥ ይችላል፤ ከዚያ የባሰው ደግሞ ንጹሕ ሰው ሊታሰር ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ መርማሪዎች እንዴት እንደሚያዩና ያዩትን እንዴት እንደሚገልጹ እናብራራለን። ነገሩ ፖሊስ መሆን ለሚመኙ ልጆቻችን ብቻ አይደለም። ናይሮቢን በሚያህል ከተማ ስንኖር ማናችንም አንድ ቀን ምስክር ልንሆን እንችላለን፤ ስልኩ የተነጠቀ ጎረቤት፣ የመኪና ግጭት፣ የጠፋ ልጅ ሊያጋጥመን ይችላል። ያን ቀን የምንናገረው ነገር ሰው ይጠቅማል ወይም ይጎዳል።

አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያሉ ሁለት ነገሮች

«አንድ የተናደደ ሌባ ከሱቁ ሮጦ ወጣ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር እንመልከት። ሲነበብ ቀላል ነው፤ ሲመረመር ግን ግማሹ ብቻ ነው በዐይን የታየው። የታየው ሰው መሆኑ፣ ከሱቅ መውጣቱና መሮጡ ነው። «የተናደደ» የሚለው ከፊቱ ተነሥተን የገመትነው ነው። «ሌባ» የሚለው ደግሞ ፍርድ ነው። ሰውየው ማታቱ እንዳያመልጠው፣ ወይም ልጁ ታሞበት ሮጦ ሊሆን ይችላል።

ጠንቃቃ መርማሪ ይህንኑ እንዲህ ብሎ ይጽፈዋል፦ «ዕድሜው 25 ዓመት የሚሆን፣ ቁመቱ ከበሩ ከፍታ ጥቂት የሚያንስ ወንድ፣ በቀኝ እጁ ጥቁር ቦርሳ ይዞ ከሱቁ ወጣና ወደ ግራ ሮጠ።» ዕድሜው ግምት ስለሆነ «የሚሆን» የሚል ቃል ገብቶለታል። ቁመቱ በአንድ ሊለካ በሚችል ነገር ተነጻጽሯል። አቅጣጫው ተነግሯል። ስለ ሰውየው ጠባይ ግን ምንም አልተባለም።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚል አባባል አለን። ለጥንቃቄ ጥሩ ምክር ነው፤ መርማሪም መጠርጠሩ አይቀርም። ነገር ግን ጥርጣሬውን በአንድ ገጽ፣ ያየውን በሌላ ገጽ ይጽፋል። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በኋላ መለየት ያስቸግራል።

የጠፋች ላም ፈላጊ

ይህ ችሎታ ከውጭ የመጣ አይደለም። ገጠር ላም የጠፋችበት ገበሬ መንደር ለመንደር ሲጠይቅ «ላም አይታችኋል?» ብሎ አያቆምም። «ግንባሯ ላይ ቦቃ ያላት፣ ግራ ቀንዷ ጫፉ የተሰበረ ቡሬ ላም» ይላል። ቀለሟን፣ ምልክቷን፣ ከሌሎች ላሞች ሁሉ የሚለያትን ጉድለት ይጠራል። ፈረስ ከሆነ ዳማ ነው፣ ቦራ ነው፣ ጉራቻ ነው ብሎ ይለያል። የሰማው ሰው እንስሳዋን አይቷት ባያውቅም ሲያገኛት ያውቃታል። የመልካም ገለጻ መለኪያው ይኸው ነው።

ሰውን ለመግለጽም ቋንቋችን ሀብታም ነው። ስለ መልክ ጠይም፣ ቀይ ዳማ፣ ጠቆር ያለ እንላለን። አፍንጫ ሰልካካ ወይም ጎራዳ፣ ፀጉር ሉጫ ወይም ከርዳዳ፣ ጥርስ ፍንጭት፣ ሰውነት ደልደል ያለ ወይም ቀጠን ያለ ይባላል። አያቶቻችን በእነዚህ ቃላት ሰውን በሥዕል እንደሚያሳይ ሰው ይገልጹ ነበር። ልጆቻችን ግን «ረጅም ነው፣ ደግሞ ቲሸርት ለብሷል» ብለው ሲያቆሙ እንሰማለን። ቃል ሲያንስ ዐይንም ይሰንፋል፤ ስም የሌለንን ነገር ልብ ብለን አናየውምና።

በፓሪስ ፖሊስ ውስጥ ይሠራ የነበረው አልፎንስ ቤርቲዮን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህንኑ ሥርዓት አስያዘው። «የቃል ምስል» ሊባል በሚችል ዘዴ ግንባርን፣ አፍንጫን፣ ጆሮን እያንዳንዱን በተወሰኑ ቃላት እንዲገለጽ አደረገ። በተለይ ለጆሮ ትልቅ ቦታ ሰጠ፤ ጢም ይላጫል፣ ፀጉር ይቀለማል፣ የጆሮ ቅርጽ ግን በቀላሉ አይለወጥም። ዛሬም መርማሪዎች ምስክርን ሲጠይቁ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን ይለያሉ። ኮፍያና ጃኬት ከመንገዱ ማዶ ሊወልቁ ይችላሉ። አረማመድ፣ ጠባሳ፣ የጎደለ ጣት፣ የድምፅ ቅላጼ ግን ከሰውየው ጋር ይሄዳሉ።

በከተማችን የሆነው

ማስተዋል ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ናይሮቢ ራሷ ታስተምራለች። ዓርብ ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1998)፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሞይ ጎዳናና በኃይለ ሥላሴ ጎዳና መገናኛ ላይ በነበረው የአሜሪካ ኤምባሲ ቦምብ የጫነ መኪና ፈነዳ። በናይሮቢ ብቻ 213 ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ቆሰሉ። ብዙዎቹ በአጠገቡ ባሉ ሕንጻዎችና በመንገድ ላይ የነበሩ የከተማዋ ነዋሪዎች ነበሩ። ቦታው ዛሬ የመታሰቢያ መናፈሻ ነው፤ ከመካከላችን ብዙዎች በአጠገቡ እናልፋለን።

ከአጥቂዎቹ አንዱ የነበረው ሞሐመድ አል-ኦዋሊ ከፍንዳታው በፊት ሮጦ ስለ ነበር ቆስሎ ተረፈ። እንደ ማንኛውም ተጎጂ ሆስፒታል ሄዶ ታከመ። እዚያም በኪሱ የነበሩትን ጥይቶችና ቁልፎች መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ደበቃቸው። እነዚህን ነገሮች ያገኘው ሠለጠነ የተባለ መርማሪ ሳይሆን የሆስፒታሉ የጽዳት ሠራተኛ ነበር። ቁልፎቹ ቦምቡን የጫነው መኪና የተቆለፈበት ጓጉንቸር ቁልፎች መሆናቸው በኋላ ታወቀ። የጽዳት ሠራተኛው በየቀኑ ያንን ክፍል ያውቀዋል፤ ስለዚህ እዚያ መኖር የሌለበትን ነገር ለየ። «እዚህ ቦታ ላይ መኖር የሌለበት ምንድን ነው?» የሚለው የመርማሪ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው «መኖር ሲገባው የሌለውስ ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ይህ ሁለተኛው ጥያቄም በዚሁ ጉዳይ ተነሣ። ሰውየው ከአምስት ቀን በኋላ በኢስሊ ተይዞ በኬንያና በአሜሪካ መርማሪዎች ሲጠየቅ፣ ፍንዳታው ሲደርስ በአካባቢው የነበርኩ ተጎጂ ነኝ አለ፤ የለበስኩትም የዚያን ዕለቱን ልብስ ነው አለ። ቁስሎቹ የተሰፉ ነበሩ። ልብሱ ላይ ግን ደም አልነበረም። ይህን ያህል የደማ ሰው ልብሱ እንዴት ንጹሕ ሊሆን ቻለ? ጥያቄው ከዚህ ተነሣ፤ ውሎ አድሮም ሰውየው የሠራውን ተናገረ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኒው ዮርክ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። መርማሪዎቹ ያስተዋሉት ለማንም ዐይን የተሰወረ ነገር አልነበረም። የተነገራቸውን ከሚያዩት ጋር አስተያዩ እንጂ።

ከዚያው ቀን ሌላ ትምህርት አለ፤ ልጆቻችን በተለይ እንዲይዙት እንፈልጋለን። ከትልቁ ፍንዳታ በፊት አነስተኛ ፍንዳታ ተሰምቶ ነበር። በዙሪያው ባሉ ሕንጻዎች የነበሩ ብዙ ሰዎች ምን እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮት ሄዱ። በደቂቃ ውስጥ መስታወቱ በላያቸው ላይ ፈነዳ፤ ዐይናቸውን ያጡ ብዙ ናቸው። እነርሱ ምንም አላጠፉም፤ ሰው ድምፅ ሲሰማ ዞር ማለቱ ተፈጥሮው ነው። እኛ ግን ከእነርሱ እንማር፦ ፍንዳታ ወይም ተኩስ ሲሰማ ከመስኮት መራቅና መሬት ላይ መተኛት ይቅደም። ማስተዋል ከሕይወት በኋላ ይመጣል።

ትዝታ ፎቶግራፍ አይደለም

ብዙ ሰው «በዐይኔ አይቻለሁ» ካለ ነገሩ ያለቀለት ይመስለዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ለ150 ተማሪዎች የመኪና ግጭት የሚያሳይ አጭር ፊልም አሳዩ። ከዚያ 50ዎቹን መኪኖቹ «ሲጋጩ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር ብለው ጠየቁ። ሌሎቹን 50ዎች ደግሞ በጠንካራ ቃል፣ «ሲላተሙ» እንደማለት ባለ አነጋገር ጠየቋቸው። የቀሩት ስለ ፍጥነት አልተጠየቁም። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ፣ ቀለል ባለው ቃል ከተጠየቁት 50 ሰዎች 7ቱ፣ በጠንካራው ቃል ከተጠየቁት 50 ሰዎች 16ቱ «አይተናል» አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። የአንድ ቃል ልዩነት ያልታየን ነገር በትዝታ ውስጥ ጨመረ።

ስለዚህ መርማሪ መልሱን በጥያቄው ውስጥ እንዳያቀብል ይጠነቀቃል። «ኮፍያው ቀይ ነበር አይደል?» አይልም፤ «ራሱ ላይ ምን አየህ?» ይላል። ምስክሩን አስቀድሞ ሳያቋርጥ እንዲተርክ ይተወዋል፤ ዝርዝሩን በኋላ ይጠይቃል። ሁለት ምስክሮች ካሉም ለየብቻ ያነጋግራቸዋል፤ አብረው ካወሩ የአንዱ ትዝታ የሌላው ይሆናልና። ወላጆችም ይህን ቤት ውስጥ ልንጠቀምበት እንችላለን። ልጅ እያለቀሰ ከትምህርት ቤት ሲመጣ «ማን መታህ?» ከማለት «ምን ሆነ? ከመጀመሪያው ንገረኝ» ማለት ይሻላል። የመጀመሪያው ጥያቄ የመታ ሰው እንዳለ አስቀድሞ ወስኗል።

ከሌባሻይ እስከ ፍርድ ቤት

በአገራችን ታሪክ ሌባ የሚፈለግባቸው የተለያዩ መንገዶች ነበሩ። አንዱ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነው። ወንጀል ሲፈጸም የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ የሚያውቀውን እስኪያወጣም ይቆያል። ስሙ እንዲገለጽ የማይፈልግ ሰው የሚያውቀውን ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምሥጢር ይነግራል፤ እርሱም «ወፍ» ይባላል። ሥርዓቱ የሰውን ዕውቀት ለመሰብሰብ የታሰበ ነበር። ነገር ግን ወፏ ያየችውን ትናገር ወይም የሰማችውን፣ አለዚያም ቂሟን፣ መለየት ከባድ ነበር።

ሌላው ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያፈዝ መድኃኒት ጠጥቶ፣ ወገቡ ላይ በታሰረ ገመድ ተይዞ በመንደሩ ይዞር ነበር። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ተጠያቂ ይሆናል። እዚህ ላይ ማየት ጭራሽ የለም፤ ተከሳሹም የሚከራከርበት ነገር የለውም። «ልጁ ለምን እዚህ ወደቀ?» ለሚለው መልስ አይገኝም። ልማዱ በኋላ በመንግሥት ተከለከለ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ፖሊስ የሚጠይቀውን ሰው በማባበል፣ በማስፈራራት ወይም በተስፋ ቃል እንዳያናግር በአንቀጽ 31 ደነገገ። ቃል የሚጠቅመው ሰውየው በራሱ ፈቃድ ሲናገረው ነው።

የምንኖርባት ኬንያም ፍርድ ቤቶቿ ስለ ዐይን ምስክር ለረጅም ዓመታት አስበውበታል። የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1953 በአብደላ ቢን ዌንዶ ጉዳይ፣ ለማየት በማይመች ሁኔታ ውስጥ የነበረ የአንድ ምስክር ቃል በከፍተኛ ጥንቃቄ መመርመር እንዳለበት ወሰነ። የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1986 በማይታኒ ጉዳይ፣ ድርጊቱ ሌሊት ከሆነ ብርሃኑ ምን ዓይነት እንደነበረ፣ ምን ያህል ደማቅ እንደነበረና ከተጠርጣሪው አንጻር የት እንደነበረ ሊጠየቅ ይገባል አለ። ምስክሩ ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ሐቀኛ ሰው ግን ይሳሳታል።

ከዚህም ሌላ ምስክሩ ተጠርጣሪውን ከሰዎች መካከል እንዲለይ ከመደረጉ በፊት የሰውየውን መልክ በቃሉ መግለጽ ይጠበቅበታል። በፖሊሱ ደንብ ተጠርጣሪው በዕድሜ፣ በቁመትና በአጠቃላይ መልክ ከሚመስሉት ቢያንስ 8 ሰዎች ጋር ይሰለፋል። ገለጻ አስቀድሞ ካልተሰጠ ምስክሩ የሚያውቀውን ሰው ይጠቁም ወይም «ከመካከላቸው አንዱ መሆን አለበት» ብሎ ይገምት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ለፖሊስ የምንሰጠው መግለጫ ከሁሉ ይበልጣል።

ለእኛ የሚብሱ ወጥመዶች

በሁለትና በሦስት ቋንቋ የምንኖር ሰዎች ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። የአማርኛና የስዋሂሊ አቆጣጠር አንድ ነው፤ የእኛ ሦስት ሰዓት የእነርሱም «ሳ ታቱ» ነው። በእንግሊዝኛ ግን ያው ሰዓት ዘጠኝ ነው። ልጃችን ያሰበውን «ሦስት ሰዓት» ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ቢመልሰው የስድስት ሰዓት ስሕተት ይፈጠራል። በዚያ ስድስት ሰዓት ውስጥ አንድ ንጹሕ ሰው የት እንደነበረ ማስረዳት ሊያቅተው ይችላል። «ጠዋት ነው፣ ደወል ከመደወሉ በፊት ነው» ብሎ መጨመር ስሕተቱን ይከላከላል። ቀንም እንደዚሁ ነው፤ በየትኛው አቆጣጠር እንደምንናገር እንግለጽ።

ሁለተኛው ቀለም ነው። እኛ «ቀይ ሰው» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እናውቃለን፤ በቀጥታ ሲተረጎም ግን ለሰሚው ፊቱ የቀላ ሰው ነው። አብሮን የነበረውን ሰው ምሳሌ አድርገን «ከእኔ ትንሽ ይጠቁራል» ብንል ይሻላል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። አንድ ሰው «ሐበሻ ይመስላል» ብሎ ብቻ ለፖሊስ ቢናገር ያ ገለጻ አባቶቻችንን፣ ወንድሞቻችንንና ልጆቻችንን ሁሉ ያካትታል። ማንም ሊያዝበት ይችላል። እኛም «ኬንያዊ ነው» ወይም «ጥቁር ነው» ብለን ስናቆም በጎረቤቶቻችን ላይ ያንኑ እናደርጋለን። የሥነ ልቦና ጥናቶች እንደሚያሳዩት ሰው አብሮት ያደገውን ሕዝብ ፊት ከሌላው ይልቅ በቀላሉ ይለያል። ስለዚህ ፊቱ ያልለመድነው ሰው ሲሆን እርግጠኝነታችንን መቀነስ፣ ዝርዝሩን መጨመር ይገባናል። የሕዝብ ስም የሰው መልክ አይደለም።

ልንለማመደው የምንችለው

መርማሪዎች የሚከተሉት ቅደም ተከተል ለማስታወስ ቀላል ነው። ሰውን ከራስ እስከ እግር ይገልጻሉ፦ ራስ፣ ፊት፣ አካል፣ ልብስ፣ ጫማ። መጨረሻ ላይ አረማመድንና ድምፅን ይጨምራሉ። ቁመትን ከበር፣ ከአጥር ወይም ከራስ ጋር ያነጻጽራሉ። ርቀትን በእርምጃ ይናገራሉ። ማታቱ ከሆነ የመስመሩን ቁጥር፣ በጎኑ የተጻፈውን የማኅበሩን ስምና የሰሌዳውን ቁጥር ይይዛሉ። ሰሌዳው ሁሉ ካልተያዘ የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞችና ፊደሉ ብቻ እንኳ ብዙ ይረዳሉ። ቦዳ ቦዳ ከሆነም የነጂው የራስ ቁር፣ የአንጸባራቂው ጃኬት ቀለምና የሄደበት አቅጣጫ ይያዛል።

ከሁሉም በፊት ደኅና ቦታ እንሁን። ማንንም ተከትለን አንሩጥ፤ ተማሪ ከሆንን ለመምህር ወይም ለጥበቃ እንንገር፤ አስቸኳይ ከሆነ በ999 ወይም በ112 ይደወል። ዕቃ ወድቆ ብናገኝ አንንካ፤ ሌላውም እንዳይነካ እንጠብቅ። ከዚያ ከማንም ጋር ከመወያየታችን በፊት ወረቀት ይዘን ያየነውን እንጻፍ። በአንድ በኩል «አየሁ፣ ሰማሁ»፣ በሌላ በኩል «መሰለኝ» ብለን ገጹን ለሁለት እንክፈለው። ያላየነውን «አላየሁም» እንበል። ይህ ቃል አያሳፍርም፤ እንዲያውም የቀረውን ቃላችንን የሚያስታምነው እርሱ ነው።

ለመለማመድ ወንጀል አያስፈልግም። በየቀኑ በር ላይ ሰላም የሚሉንን የጥበቃ ሠራተኛ ዐይናችንን ጨፍነን ለመግለጽ እንሞክር። ጠባሳ አላቸው? የትኛው እጃቸው ላይ ሰዓት ያስራሉ? ስንወርድበት የነበረው ማታቱ ውስጥ ረዳቱ ምን ለብሶ ነበር? ወላጆች እራት ላይ ልጆቻቸውን እንዲህ እያሉ ቢጠይቁ ጨዋታም ትምህርትም ይሆናል፤ የአማርኛ ቃላቸውም ይበዛል። በዚያ ላይ አንድ ልማድ ይተክላል፦ ስለ ሰው ከመናገራችን በፊት «ይህን አይቻለሁ ወይስ መስሎኛል?» ብሎ ራስን መጠየቅ። ይህ ጥያቄ በፖሊስ ጣቢያ ብቻ ሳይሆን በክፍል፣ በጓደኞች መካከልና በማኅበራችንም ውስጥ ስንት ሰው ከሐሜትና ከስም ማጥፋት ሊያድን እንደሚችል እናስብ።